የስንዴ ብናኝ ዘረመልና የወንዴ መካንነት፦ ከማዳቀያ መሣሪያነት እስከ ቆላ ስንዴ ሥጋት

በሙቀት የተጎዳ ስንዴ ቅጠሉ ለምለም፣ ዛላው ረጅም ሆኖ ሳለ ሲወቃ ግን ፍሬው ጥቂት ሊሆን ይችላል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ዛላው ገና በቅጠል ሽፋን ውስጥ ተሸፍኖ ሳለ የሚከሠተው የወንዴ መካንነት ነው። የስንዴ አዳቃዮች ሆን ብለው የሚሹት መካንነትም መነሻው በዚያው የእድገት ሂደት ላይ የሚደርስ መታጎል ነው።

በወንዴው ከረጢት ውስጥ የሚገኙ እናት ህዋሶች በሚዮሲስ ተከፍለው እያንዳንዳቸው አራት አራት ይሆናሉ። እነዚህ ለጋ ብናኞች ጠንካራ ቅርፊት ያበጃሉ፣ ይከፈላሉ፣ በመጨረሻም ስታርች ያከማቻሉ። ስንቁን የሚያቀብላቸው ታፔተም የተባለው የከረጢቱ ውስጠኛ ሽፋን ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ ራሱን ያፈርሳል። ከጊዜው ቀድሞ ከፈረሰ ብናኙ ይጨነግፋል።

የዳቦ ስንዴ 42 ክሮሞሶሞች በሦስት ጂኖም የተመደቡ ስለሆኑ አብዛኛው ዘረመል ሦስት ቅጂ አለው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ ይሸፍኑለታል። እንግዲያው አንድ ሚውቴሽን ብቻውን ወንዴውን እንዴት ሊያመክን ቻለ? መልሱ የተገኘው ኤምኤስ1 የተባለው ዘረመል እ.ኤ.አ. በ2017 ተለይቶ ሲታወቅ ነው። ይህ ዘረመል ለብናኙ ቅርፊት መሠራት የሚያስፈልግ፣ ቅባት ተሸካሚ ፕሮቲን ያስገኛል። በሦስቱም ጂኖም ላይ ቢኖርም በ«ኤ» እና በ«ዲ» ጂኖም ላይ ያሉት ቅጂዎች ዝም እንዲሉ ተደርገዋል፤ የሚሠራው በ4ቢ ክሮሞሶም ላይ ያለው ብቻ ነው። እርሱ ከጠፋ የሚተካው የለም።

ኤምኤስ2 ደግሞ ተቃራኒ ባሕርይ አለው። እ.ኤ.አ. በ1972 በቻይና ሻንሺ ክፍለ ሀገር፣ ታይጉ ውስጥ የተገኘው ይህ ገዢ ዘረመል መካንነትን የሚያመጣው በመጥፋቱ ሳይሆን በመንቃቱ ነው፤ ዘላይ የዲኤንኤ ቁራጭ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ገብቶ በወንዴው ከረጢት ውስጥ ቀስቅሶታል። ከመካኑ ተክል ከሚለቀመው ዘር ግማሹ መካን፣ ግማሹ ፍሬያማ ስለሚሆን ወንዴውን አበባ በአበባ በወረንጦ መልቀም ይቀራል። ዲገሉ የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ መመታቱን ለሚያስታውስ፣ ብዙ የመቋቋም ዘረመሎችን በአንድ ሕዝበ ተክል ውስጥ ለማሰባሰብ ይህ መንገድ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው።

በድቅል ስንዴ ላይ ግን የዚህን ያህል ተስፋ መጣል የሚገባ አይመስለኝም። ከቲሞፊቪ ስንዴ ሳይቶፕላዝም የሚወረሰው መካንነት ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሲሠራበት ቆይቷል። መንሥኤው የማይቶኮንድሪያ ዘረመል ነው፤ ፍሬያማነትን የሚመልሱት ዘረመሎች ግን በኒውክለስ ውስጥ ስለሚገኙ ሁለቱን አጣጥሞ ማስኬድ አድካሚ ነው። በዚያ ላይ የስንዴ ብናኝ እንደ በቆሎው ተትረፍርፎ አይነፍስም፣ ዕድሜውም በደቂቃዎች የሚቈጠር ነው።

ለእኛ ይበልጥ አስቸኳይ የሆነው ሙቀት የሚያመጣው መካንነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ በሚዮሲስ ወቅት ለ3 ቀናት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የደረሰበት ስንዴ ታፔተሙ ቀድሞ እንደሚፈርስና የፍሬ ቊጥሩ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የወረር ምርምር ማዕከል ከባሕር ወለል በላይ 740 ሜትር ገደማ፣ ቁሉምሳ ደግሞ 2,200 ሜትር ላይ ናቸው። በቁሉምሳ ሥጋት ያልሆነው ሙቀት በወረር ዘር በዘገየ ቊጥር የሚጠበቅ ነው።

ቢሮው በምሥራቅ አዲስ አበባ ጉርድ ሾላ የሆነው ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት) እና የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በዋግ መቋቋም ላይ ለዓመታት አብረው ሠርተዋል። የቆላ ዝርያዎች ሲፈተኑ የብናኝ ጤንነትም እንዲሁ ሊመዘን ይገባዋል። ሥራው ውድ አይደለም። የመጨረሻው ቅጠልና ከሥሩ ያለው ቅጠል ከአገዳው በሚለዩባቸው አንጓ-ጆሮዎች መካከል ያለው ርቀት በውስጥ ያለው ዛላ ሚዮሲስ ላይ መድረሱን ይጠቁማል፤ ርቀቱ ለእያንዳንዱ ዝርያ አስቀድሞ በማይክሮስኮፕ ይለካል። በአበባ ጊዜ ደግሞ ብናኙ በአዮዲን ሙሙት ይነከራል፦ ስታርች የሞላው ይጠቁራል፣ የጨነገፈው ግን ሳይጠቁር ይቀራል። የፍሬው ማነስ ከብናኝ መምከን ነው ወይስ ከሴቴው ጉዳት የሚለውን ለመለየት፣ በጤናማ ዝርያ ብናኝ የተዳቀሉ ጥቂት ዛላዎች ለንጽጽር ይበቃሉ።