በአንድ ዓመት የገቡ ሁለት ማኅበረሰቦች፦ የሩሲያና የኢትዮጵያ አይሁድ ኑሮ በእስራኤል ለምን ተራራቀ?

በግንቦት 1991 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው በወጡ በሦስተኛው ቀን፣ በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ የተነሱ አውሮፕላኖች በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያንን (የኢትዮጵያ አይሁድን) ቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ አደረሱ። በዚያው ዓመት ደግሞ በመፍረስ ላይ ከነበረችው ሶቪየት ኅብረት ወደ 150,000 የሚጠጋ ሰው እስራኤል ገብቷል። ሁለቱንም የተቀበላቸው አንድ ሕግ፣ የ1950ው የመመለስ ሕግ ነው፤ ሁለቱም ከአውሮፕላን እንደወረዱ ዜጎች ሆኑ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን የአንዱ ስም «ተሳካላቸው» ከሚል ቃል ጋር፣ የሌላው «ምን ይሻላቸዋል» ከሚል ጥያቄ ጋር ይነሳል። ለምን ሲባል ብዙ ሰው ትምህርት ነው ይላል፤ ደፈር ያለው ደግሞ ባህል ነው ይላል። ትምህርቱ እውነትነት አለው፣ ባህሉ ግን ማስረጃ ፊት አይቆምም። ከሁለቱም ይልቅ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው ጉዳይ፣ ሰዎቹ ከገቡ በኋላ ስለ ቤታቸውና ስለ ልጆቻቸው ይወስን የነበረው ማን ነው የሚለው ነው።

በመነሻው እንጀምር። ከሶቪየት ኅብረት የመጡት አዋቂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማሩ ነበሩ። ከ1990 እስከ 1993 ባሉት ዓመታት ብቻ ወደ 57,000 መሐንዲሶችና ወደ 12,000 ሐኪሞች መጥተዋል። አገሪቱ በወቅቱ የነበሯት መሐንዲሶች 30,000፣ ሐኪሞቿም 15,000 ገደማ እንደነበሩ ሲታሰብ፣ አንድ አገር የሐኪሞቿን ቁጥር እጥፍ ሊያደርስ በሚቃረብ ሰው ተጥለቀለቀች ማለት ነው። የቤተ እስራኤል መነሻ ሌላ ነው። አብዛኞቹ የጎንደርና የትግራይ ገጠር ሰዎች ነበሩ፤ አራሾች፣ ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች። ከአዋቂዎቹ የሚበዙት ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። በ1984 መጨረሻ በጀመረው የሙሴ ዘመቻ የገቡት ደግሞ በሱዳን በረሃና በመጠለያ ጣቢያዎች ውስጥ ያለፉ ናቸው፤ በዚያ መንገድ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። አባት ወይም እናት ቀብሮ የገባ ቤተሰብ ብዙ ነበር። ይህን ዓይነት መነሻ ከሌኒንግራድ መሐንዲስ ጋር አስተያይቶ ማን ቀደመ ብሎ መጠየቅ፣ አንዱን ከዳገቱ ሥር ሌላውን ከወገቡ አስነስቶ እንደማሽቀዳደም ነው።

ስለዚህ ነገሩ በትምህርት ልዩነት አለቀ ማለት ይቻል ይሆን? እንዳይቻል የሚያደርገው የራሳቸው የሩሲያውያኑ ታሪክ ነው። የሶቪየት ዲፕሎማ በእስራኤል ገበያ ያን ያህል እንጀራ አልገዛም። መሐንዲስ የነበረው ጎዳና ሲጠርግ፣ የሙዚቃ መምህርት የነበረችው አረጋዊ ስታስታምም የዘጠናዎቹ ዓመታት የተለመደ ትዕይንት ነበር። የኢኮኖሚ ተመራማሪዋ ራሔል ፍሪድበርግ በዚህ ላይ በሠራችው ጥናት፣ በውጭ አገር የተገኘ የትምህርት ዓመት እስራኤል ውስጥ ከተገኘው ያነሰ ደመወዝ እንደሚያስገኝ አሳይታለች። ወላጆቹ በትልቁ ወርደዋል፤ ከፍ ያሉት ልጆቻቸው ናቸው። ታዲያ ዲፕሎማው ለባለቤቱ ካልሠራ ለልጁ እንዴት ሠራ? የወረሱት ወረቀቱን አልነበረም። ከአስተማሪ ፊት ቁጭ ብሎ «የልጄ ሒሳብ ይህ አይበቃውም» ማለት የሚችል፣ ካልሰሙትም የራሱን ትምህርት ቤት የሚከፍት ወላጅ ነው የወረሱት። ይህ እንዲሁ የተነገረ ምሳሌ አይደለም። ከሶቪየት የመጡ የሒሳብና የፊዚክስ መምህራን «ሞፌት» የተባለውን የትምህርት ሥርዓት አቋቁመው ልጆቻቸውን እዚያ አስገቡ። ጋዜጦቻቸውን አሳተሙ፤ በ1991 ጌሸር የተባለውን ቴአትር መሠረቱ። በ1996 በናታን ሻራንስኪ የሚመራ የራሳቸው ፓርቲ ከ120ው የክኔሴት (የእስራኤል ፓርላማ) መቀመጫ ሰባቱን ወሰደ። በኪስ ድሃ ነበሩ እንጂ ስለ ልጃቸው የመወሰን ሥልጣን ከእጃቸው አልወጣም።

መንግሥትም ቢሆን ይህን ሥልጣን አልነካባቸውም። ቁጥራቸው ብዙ ስለነበረ «ቀጥታ ቅሊታ» በሚባለው አሠራር (ቅሊታ ማለት ፍልሰተኛን ተቀብሎ ማቋቋም ነው) ለቤተሰቡ «ሳል ቅሊታ» የተባለው የመቋቋሚያ ገንዘብ ይሰጠውና ወደፈለገበት ከተማ ሄዶ ቤት ይከራያል። ጣጣው ብዙ ነበር፤ አያትን ጨምሮ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ጠባብ ቤት ታጭቋል፣ ኪራይም ንሯል። ሆኖም ከተማውን፣ ሰፈሩንና ትምህርት ቤቱን የመረጠው ራሱ ነው። ቤተ እስራኤላውያን የገቡት በሌላ በር ነበር። «መርካዝ ቅሊታ» በሚባሉ መቀበያ ማዕከላትና በሆቴሎች፣ ከ1991 በኋላ ደግሞ ከከተማና ከሥራ ርቀው በተሠሩ የካራቫን ሰፈሮች ሰፈሩ። ለአጭር ጊዜ ተብሎ የተጀመረው ኑሮ ለብዙዎቹ ዓመታት ፈጀ። ልጁ የት እንደሚማር፣ ቤተሰቡ መቼ እንደሚወጣ፣ የትኛው ጉዳይ በማን በኩል እንደሚፈጸም የሚናገረው የማዕከሉ ሠራተኛ ነበር። ከአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች የሚበዙት «አሊያት ሃኖዓር» በተባለው ድርጅት በኩል ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ፤ እዚያም ከራሳቸው ዓይነት ልጆች ጋር አንድ ላይ ተከማቹ። ቤት የቀሩት ታናናሾች ዕብራይስጡን ከወላጆቻቸው ቀድመው ስለለመዱ የባንክና የሐኪም ቤት አስተርጓሚ ሆኑ። በጎንደር ገጠር ቃሉ የሚከበረው ሽማግሌ የሰባት ዓመት ልጁን ጽሕፈት ቤት ደጅ ላይ «ምን አለኝ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቀን ሲመጣ፣ የቤቱ ሥርዓት ተገለበጠ።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ፊደል ላልቆጠረ፣ ባንክ ደርሶ ለማያውቅ ገበሬ ገንዘብ ሰጥቶ «ሂድና ናታንያ ቤት ተከራይ» ማለት ከማዕከሉ የባሰ ጭካኔ አይሆንም ነበር ወይ? ይሆን ነበር። ድጋፉ ያስፈልግ እንደነበር መካድ አይቻልም። ተቃዋሚው ይቀጥልና፣ መንግሥት በአንድ ሰው ሲሰላ ለኢትዮጵያውያን ያወጣው ከማንም ይበልጣል ይላል፤ ይህም እውነት ነው። በ1993፣ ያይር ጻባን የቅሊታ ሚኒስትር ሳሉ፣ የቤቱን ዋጋ አብዛኛውን በስጦታ የሚሸፍን ልዩ «ማሽካንታ» (የቤት ብድር) ተፈቀደላቸው፤ ለሌላ ፍልሰተኛ እንዲህ ያለ ችሮታ አልተደረገም። በዚህ ምክንያት ከካራቫን ወጥተው የራሳቸው ቤት ያገኙ ብዙ ናቸው፣ ውለታውም አይረሳም። የስጦታው ቅርጽ ግን መታየት አለበት። ብሩ የሚሠራው በተመረጡ ከተሞች ነበር፤ ዓላማውም ሰዎቹን ከደካማ ከተሞች ማራቅ ነበር። የብሩ ልክ የሚችለው ግን በእነዚያ ከተሞች ውስጥ ርካሽ የሆነውን፣ ያረጀውን የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው። ሰውም ዘመዱና ቄሱ ያሉበትን ስለሚመርጥ ሬሆቮት ውስጥ ያለችው ቂርያት ሞሼን የመሰሉ ሰፈሮች ተፈጠሩ፤ አቅም ያለው ነባር ነዋሪ ከእነዚህ ወጣ፣ ትምህርት ቤቱም አብሮት ደከመ። እንደ ቂርያት ማላኪ ባሉ ከተሞች ደግሞ በሩ በግልጽ ተዘጋ፤ በ2012 መጀመሪያ በአንዳንድ ሕንፃዎች ለኢትዮጵያዊ ቤት አንሸጥም፣ አናከራይም ተብሏል ሲባል ሰልፍ ተወጥቷል። ብዙ ገንዘብ ማውጣትና ሰውን ማስቻል ለየቅል ናቸው።

የባህልን ክርክር የሚዘጋው ማስረጃ የመጣው ከቤተ እስራኤል ልጆች ከራሳቸው ነው። ጉልድ፣ ላቪና ፓሰርማን የተባሉ ሦስት ኢኮኖሚስቶች በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሎሞን ዘመቻ የገቡት ቤተሰቦች ሳይመርጡ በአገሪቱ በተበተኑ ማዕከላት መመደባቸውን እንደ ተፈጥሯዊ ሙከራ ተጠቀሙበት። ልጆቹ ከአንድ አካባቢ፣ ከተመሳሳይ ቤተሰብ፣ በአንድ ጊዜ የመጡ ናቸው፤ የለያያቸው የምደባው ዕጣ ብቻ ነው። የሒሳብ ውጤቱ ከፍ ያለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የደረሳቸው ልጆች ሁለተኛ ደረጃን የማቋረጣቸው ዕድል አነሰ፣ «ባግሩት» በሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናም የተሻለ ደረሱ። የጎንደር ባህል በአንዱ ማዕከል ሰነፍ፣ በሌላው ጎበዝ ሊሆን አይችልም። የወላጅ አለመማርም ቢሆን ብቻውን ዕጣ ፈንታ እንዳልነበረ ጥናቱ ያሳያል፤ ደህና ትምህርት ቤት የገባው ልጅ እናትም እንደ ጎረቤቷ ፊደል አልቆጠረችም።

በዚህ ግኝት የእኔን ክርክር መሞገት ይቻላል። ወላጆቹ ምርጫ ቢሰጣቸው ኖሮ የትኛው ትምህርት ቤት ጥሩ እንደሆነ በምን ያውቁ ነበር? በመጀመሪያው ዓመት ምናልባት በምንም። በዚያው የሶቪየት ማዕበል የመጡት የካውካሰስ ተራራማ አካባቢ አይሁድ ይህን ያጠናክራሉ፤ እነርሱም በቀጥታ ቅሊታ ገብተው ሳለ፣ መደበኛ ትምህርታቸው አነስተኛ ስለነበር ልጆቻቸው በዘጠናዎቹ ትምህርት በማቋረጥ የታወቁ ሆነው ልዩ መርሐ ግብር አስፈልጓቸዋል። ነፃነት ብቻውን እውቀትን አይተካም፤ ይህን እቀበላለሁ። ይሁንና እውቀት ከነፃነት ውጭ አያድግም። በሁለተኛው ዓመት ስህተቱን አይቶ፣ ከጎረቤት ጠይቆ ልጁን ወደሌላ ትምህርት ቤት የሚያዛውር ወላጅ እየተማረ ይሄዳል። ልጁ በአዳሪ ትምህርት ቤት፣ እርሱ በካራቫን ውስጥ ያለ ወላጅ ግን ስህተቱን የሚያይበት መስኮት እንኳ የለውም።

ደህንነት በደመወዝና በዲፕሎማ ብቻ ከተለካ ደግሞ ሩሲያውያኑም «ተሳካላቸው» በሚለው ቃል ሥር የተደበቀ ቁስል አላቸው። በሃምሳና በስልሳ ዓመታቸው የገቡት በትውልድ አገራቸው የሠሩበትን ጡረታ ይዘው አልመጡም፤ በእስራኤልም የሥራ ጡረታ ለማጠራቀም ዕድሜ አልቀራቸውም። የሩሲያኛ ተናጋሪው አረጋዊ ድህነት የአማካይ ቁጥሩ የማያሳየው ጓዳ ነው። በሌላ በኩል፣ በ1970 የተሻሻለው የመመለስ ሕግ የአይሁዳዊ የልጅ ልጅን ስለሚያካትት፣ ከ300,000 በላይ የሚሆኑት ዜግነት አግኝተው በረቢዎቹ ዘንድ አይሁድ አይባሉም፤ የአይሁድ ጋብቻ በእስራኤል በረቢዎቹ እጅ ስለሆነም ጋብቻቸውን ለመፈጸም ብዙዎቹ ቆጵሮስ ድረስ ይሄዳሉ። ቤተ እስራኤላውያን በዚህ ረገድ በተቃራኒው ከ1973 ጀምሮ የሴፋርዲ ዋና ረቢ የነበሩት የኦቫድያ ዮሴፍ ድጋፍ ነበራቸው። ሆኖም የሙሴ ዘመቻ ሰዎች ወደ ይሁዲነት የመግቢያ ምሳሌያዊ ሥርዓት ፈጽሙ ተብለው በ1985 ለሳምንታት ኢየሩሳሌም ላይ ተቃውመዋል፤ በ1996 ደግሞ የለገሱት ደም በምስጢር ሲደፋ እንደኖረ በጋዜጣ ወጣ። ሁለቱም ማኅበረሰቦች በደጃፉ ላይ ተጠራጣሪ ገጥሟቸዋል። ግን ሩሲያዊው ጥያቄውን የሚያገኘው ሊያገባ ሲል ነው፤ ኢትዮጵያዊው አውቶቡስ ሲጠብቅም ያገኘዋል። በ2015 ትውልደ ኢትዮጵያዊው ወታደር ዳማስ ፓካዳ ሆሎን ውስጥ በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ መቀረጹ ያስነሳው ተቃውሞ መንግሥትን አስገድዶ በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተሯ ኤሚ ፓልሞር የሚመራ ኮሚቴ አስቋቋመ፤ ኮሚቴው በ2016 በኢትዮጵያውያን ላይ ተቋማዊ ዘረኝነት እንዳለ መሰከረ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በሰኔ 2019፣ ወጣቱ ሰሎሞን ተካ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ። ዲፕሎማም ሆነ ጥሩ ሰፈር ከዚህ አያድንም፤ የገቢ ንጽጽርም ይህን አይቆጥርም።

ዛሬ ከ160,000 በላይ ከሆኑት ኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን ግማሽ የሚጠጉት እዚያው የተወለዱ ናቸው። በእስራኤል ትምህርት ካደጉት መካከል ዲግሪ ያለው ከአምስት አንድ ያህል ሲሆን በሌላው አይሁድ ዘንድ ከአምስት ሁለት ነው፤ ወላጆቻቸው ከየት እንደተነሱ ለሚያስታውስ ይህ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ቁጥር አይመስልም። ፕኒና ታማኖ ሻታ በሦስት ዓመቷ በሙሴ ዘመቻ ገብታ በ2020 የቅሊታ ሚኒስትር ሆነች። ጠቅላላ አማካዩ ግን ሁለት ዘመን ይቀላቅላል፤ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ዘግይተው የገቡትና ወደ ሃይማኖቱ የመመለስ ሥርዓት እስኪጨርሱ በማዕከል የሚቆዩት የፈላሻ ሙራ (አያት ቅድመ አያቶቻቸው ክርስትና የተቀበሉ ቤተ እስራኤላውያን) ቤተሰቦች፣ አባቱ በ1984 ከገባው ወጣት ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ይደመራሉ። ከ2022ቱ የዩክሬን ጦርነት በኋላ የመጣው የሞስኮ ኮምፒውተር ባለሙያም እንዲሁ ከዘጠናዎቹ ጎዳና ጠራጊ መሐንዲስ ጋር ይደመራል። ፍትሐዊው ንጽጽር በአምስት ዓመቱ የገባን ልጅ በአምስት ዓመቱ ከገባው፣ እዚያ የተወለደውን እዚያ ከተወለደው ጋር ማስተያየት ነው።

የእስራኤል ስታቲስቲክስ ቢሮ በየዓመቱ በቤተ እስራኤል የስግድ በዓል ሰሞን የኢትዮጵያ ተወላጆችን ቁጥር ያወጣል። ለረጅም ጊዜ በተጠቀመበት ትርጉም የሚቆጠረው ኢትዮጵያ የተወለደ ወይም አባቱ ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው ነው። አባቱም እስራኤል የተወለደው ሦስተኛ ትውልድ ከሰንጠረዡ ይወጣና በተራ እስራኤላዊነት ይመዘገባል፤ የሩሲያውያኑ የልጅ ልጅም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ናታንያ ጎዳና ላይ በሌሊት መታወቂያ የሚጠየቀው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሰንጠረዡ አይነግረንም።