ሰባራውን ድልድይ ማን ይጠግን?

ካፋ ውስጥ፣ ከቦንጋ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ግንበኛ ያልነካው ድልድይ አለ። የጉሚ ወንዝ አለቱን ከሥሩ ሰርስሮ ስላለፈ ከላይ የቀረው ድንጋይ መሻገሪያ ሆነ፤ ሰዉም «የእግዜር ድልድይ» ይለዋል። ኖራ አይጠይቅም፣ በጀትም አይያዝለትም። ማንኪራን በመሰሉ የዴቻ ወረዳ የቡና ደኖች የሚኖር ሰው ግን በየክረምቱ የሚሞሉ ወንዞችን መሻገር አለበት። ሰው የሠራው መሻገሪያ ደግሞ ጠጋኝ ይፈልጋል።

የካፋ ነገሥታት ጭንቀት ሌላ ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 እ.ኤ.አ. እስኪማረኩ ድረስ መንግሥቱ ድንበሩን በጥልቅ ጉድባና በጥበቃ በሮች አጥሮ ኖሯል። እዚያ ዋናው ሥራ ያልተፈለገ ሰው እንዳይሻገር ማድረግ ነበር።

በድንጋይና በኖራ ለታነፁት ጥንታዊ ድልድዮች ወደ ዓባይ መውጣት ግድ ነው። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለው የአላታ ድልድይ የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሥራ ነው፤ ዛሬም ፏፏቴውን ሊያይ የሚሄድ ሰው በእግሩ ይሻገርበታል። ኖራው በእንቁላል ተቦክቷል የሚለው ወሬ ከድልድዩ እኩል ዕድሜ ሳይኖረው አይቀርም።

የፋሲለደስ ዘመኑ ድልድይ ዕጣ ከዚህ የከፋ ሆነ። በሞጣ በኩል ጎጃምን ከቤጌምድር ያገናኝ የነበረው ይህ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቆረጠ፤ የጠላትን መንገድ ለመዝጋት አርበኞች እንዳፈረሱት ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ጠላት ከወጣ በኋላም የሚጠግነው አልተገኘም። ገበያተኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲያና ወዲህ የቆሙ ጎበዛዝት እየጎተቱት፣ ከገደሉ በላይ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር። ይህ ለስድሳ ዓመታት ያህል ዘለቀ!

በመጨረሻ የደረሰው አንድ አሜሪካዊ ነው። ኬን ፍራንትዝ የገመዱን መሻገሪያ ፎቶ በ2001 እ.ኤ.አ. መጽሔት ላይ አይቶ «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ በዓመቱም ክፍተቱ በብረት ተገጠመ። ብረቱን በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተተካ። ሥራው የሚመሰገን ነው። ያም ሆኖ የአገር መሻገሪያ ዕድል በአንድ የባሕር ማዶ አንባቢ ዓይን ላይ መውደቁ ያሳፍራል።

ድልድይ ማን ይጠግን በሚለው ጥያቄ እንግሊዞች በሕግ ነው የተከራከሩት። በድሮው ሥርዓታቸው ባለርስት ከሦስት ግዴታዎች አያመልጥም ነበር፤ መዝመት፣ ምሽግ መጠገንና ድልድይ መጠገን። ነገሥታቱ ግዴታውን ሲያበዙት የ1215ቱ ማግና ካርታ ከጥንት ጀምሮ ዕዳው ካለበት በቀር ማንም ድልድይ እንዲሠራ እንዳይገደድ ደነገገ። ታዲያ ባለዕዳው ካልታወቀስ? የ1531ዱ አዋጅ መልሱን ሰጠ፤ አውራጃው ከነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ ይጠግናል፤ ድልድዩን ብቻ ሳይሆን በሁለቱም ጫፍ ያለውን ሦስት መቶ ጫማ መንገድ ጭምር። ሰባራ ድልድይ ያጣው ይህን የመሰለ አንቀጽ ነበር።

ዛሬ በኢትዮጵያ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የመንገድ ፈንድን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 66/1989 ከነዳጅ ሽያጭ ላይ ለጥገና የሚውል ገንዘብ ያሰባስባል፤ ገንዘቡም ለፌዴራልና ለክልል መንገድ መሥሪያ ቤቶች እንዲሁም ለከተሞች ይከፋፈላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በበኩሉ ቅርስ የያዘ ሰው በራሱ ወጪ እንዲንከባከበው ያዛል፤ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ መጠገንን ደግሞ ይከለክላል። የመጀመሪያው ዓይኑን የሚጥለው መኪና በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ባለቤቱን ይጠይቃል። እግረኛና አህያ ብቻ የሚያልፉበት የአራት መቶ ዓመት ድልድይ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። የሠፈሩ ሽማግሌዎች ገንዘብ አዋጥተው የወለቀ ድንጋይ በሲሚንቶ እንመልስ ቢሉ እንኳ መጀመሪያ ደብዳቤ ጽፈው ፈቃድ መጠበቅ አለባቸው፤ ክረምቱ ግን ደብዳቤ አይጠብቅም።