«አይጥ ላይ ተሞክሯል» ሲባል ምን ማለት ነው?

የወባ ወቅት ሲመጣ ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሐብሩ ቆላማ ቀበሌዎች በኢንቦክስ ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ይሄ ቅጠል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይጥ ላይ ተሞክሮ ለወባ ይሠራል ተብሏል፤ ቀቅለን ብንጠጣውስ?»

ጥናቶቹ ውሸት አይደሉም። በጎንደር፣ በአዲስ አበባና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎቻችን የባህል መድኃኒቶች በነጭ አይጦች ላይ ይፈተሻሉ። ግን እንዴት?

የሰው ወባ ተራ አይጥን አይዝም። ስለዚህ አይጧ የምትወጋው «ፕላዝሞዲየም በርጌይ» በሚባል የአይጥ ዘር ወባ ነው። ቅጠሉም እንደ ቤታችን አይቀቀልም፤ ብዙ ጊዜ በሜታኖል ተዘፍዝፎ፣ ተጣርቶ፣ በሚሊግራም ተመዝኖ ለአራት ቀን ይሰጣታል። በአምስተኛው ቀን ደሟ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ተውሳኩ በግማሽ ከቀነሰ «ጥሩ ውጤት» ይባላል። ሰው ላይ ግን ግማሹ የቀረ ወባ፣ ወባ ነው!

ከዚያ በፊት ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ። ያለ እንስሳ መሥራት አይቻልም ወይ? ቁጥሩ አይቀንስም ወይ? ስቃዩስ እንዴት ይቀላል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ራስልና በርች የተባሉ እንግሊዛውያን በ1959 (እ.ኤ.አ.) ያነሷቸው ናቸው። ድሮ መርዛማነትን ለመለካት ብዙ እንስሳት እስኪሞቱ ይጠበቅ ነበር፤ ያ ዘዴ በ2002 ከዓለም አቀፉ መመሪያ ወጥቷል። ዛሬ ለመነሻው ፍተሻ አምስት እንስሳ ሊበቃ ይችላል። ክፉኛ የታመመችውም እስክትሞት አትጠበቅም።

ለመተካት ከሚያገለግሉት አንዷ ዜብራ ዓሣ ናት። ትንሽ ናት፣ ጽንሷ እንደ ብርጭቆ ያሳያል፤ ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ አቻቸው እሷ ውስጥ አለ። በአውሮፓ ሕግ ራሷን ችላ መመገብ እስክትጀምር ድረስ እንደ ሙከራ እንስሳ አትቆጠርም። (ዓሣ ግን ሰው አይደለም። እናቶቻችን ልብስ የሚያጥቡበት እንዶድ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ዓሣ ይገድላል።)

እንግዲህ አስቡት፤ ለአይጧ መጠኑን የሚመዝንላት፣ በየቀኑ የሚያያት፣ ሲብስባት «ይቁም» የሚልላት አለ። ቤት ውስጥ ቅጠል ለሚጠጣው ልጅ ይሄ ሁሉ የለም። የኮሚቴው ፈቃድም ለጥናቱ እንጂ ለእናንተ ብርጭቆ የተሰጠ አይደለም።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ካላችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደም ተመርመሩ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች አንድ ሌሊት እንኳ አይደሩ። ቅጠሉን ጠጥታችሁ ከሆነ ስሙንና መጠኑን ለሐኪሙ ንገሩት፤ አንቆጣም።