ከአራዳ የሚታየው የሰማይ መነጽር

በምሽት ደጅ ተቀምጦ ከልጆች ጋራ ሰማይን መመልከት ለአባቶቻችን የተለመደ ነገር ነበር። ዛሬ የከተማችን መብራት ብዙዎቹን ከዋክብት ስለ ሸፈናቸው ልጆቻችን ቀና ብለው የሚያዩት እምብዛም የላቸውም። ነገር ግን በፒያሳ መብራት መካከል እንኳ ያለ አንዳች መሣሪያ በዐይን የሚታይ፥ ኮከብ የሚመስል፥ ራሱ ግን የሩቅ መነጽር የሆነ የሰው እጅ ሥራ አለ። ስሙም ሃብል ይባላል።

ሃብል የተባለው ቴሌስኮፕ በ1982 ዓ.ም. ሚያዝያ 16 ቀን ዲስከቨሪ በተባለችው የጠፈር መንኰራኵር ከአሜሪካ ተላከ። ርዝመቱ 13 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ነው። አሁን 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በ95 ደቂቃ ገደማ ምድርን አንድ ጊዜ ይዞራል። ይህ ከፍታ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ካለው የመኪና መንገድ እጅግም አይለይም፤ ያን የሚያህለውን ርቀት ሃብል የሚጨርሰው ከአንድ ደቂቃ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ነው።

መንገዱ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ከ28 ዲግሪ ተኩል አያልፍም። ስለዚህ በሎንዶን ወይም በሞስኮ ያለ ሰው ምንም ቢያንጋጥጥ አያየውም። አዲስ አበባ ግን በ9ኛው ዲግሪ ላይ ስላለች አንዳንድ ምሽት በአናታችን ላይ ያልፋል። በብዙ ነገር የሚቀድሙን ከተሞች በዚህ እንኳ ቢቀኑብን ደግ ነው።

ብርሃኑ የራሱ አይደለም። ፀሓይ ለእኛ ከጠለቀች በኋላ እርሱ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ገና ታበራበታለች፤ የምናየውም ያን ነጸብራቅ ነው። ስለዚህ የሚታየው ከመሸ በኋላ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ፥ ወይም ጎሕ ሊቀድ ሲል ነው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ጸጥ ብሎ ይሄዳል። ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ብልጭ ድርግም የሚል እንደ ሆነ አውሮፕላን ነው። ክረምቱ በደመና ይከለክላል፤ በበጋም በምሽት የማይታይባቸው ሳምንታት ስላሉ ሰዓቱን አስቀድሞ ከእጅ ስልክ መተግበሪያ መመልከት ያስፈልጋል።

ፎቶግራፍ ማንሣት የፈለገ ሰው እኛ ከሠራነው ስሕተት ይማር። ባለፈው ጥር ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቆመን ካሜራውን 30 ሴኮንድ ከፍተን ብንተወው የመንገዱ መብራት ሁሉን አነጣው፤ ሌሊቱም ቀን መሰለ። በሌላ ቀን ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አጽንተን፥ ጣታችን እንዳያናውጠው በራሱ ጊዜ እንዲያነሣ አድርገን፥ አራት አራት ሴኮንድ እያልን አከታትለን አነሣን። በኋላም ሥዕሎቹን በኮምፒዩተር ብንደራርባቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጣራ በላይ አንድ ቀጭን ነጭ መስመር ወጣ። የጥንቶቹ የአራዳ ፎቶግራፍ አንሺዎች ተነሺውን «አትነቃነቅ!» ይሉት ነበር፤ ይህ ተነሺ ግን በሴኮንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል።

በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ 16 ቀን የተላከው ጄምስ ዌብ ግን በዐይን አይታይም። 1 ሚሊዮን ተኩል ኪሎ ሜትር ርቆ ስለሚገኝ፥ በትልቅ ቴሌስኮፕ ቢነሣ እንኳ እንደ ደካማ ነጥብ ሆኖ ነው። በእንጦጦ ተራራ ላይ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች የመስተዋታቸው ስፋት 1 ሜትር ነውና ይህን ለመሰለው ሥራ የሚመቹ እነርሱ ናቸው።

ሃብልን ለማየት ግን መዘግየት አይገባም። ሲላክ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ በዚያ ከፍታ ያለው እጅግ ስስ አየር እየጐተተ በየዓመቱ ዝቅ ያደርገዋል። ከ2001 ዓ.ም. ግንቦት ወዲህ ጠጋኝ አልደረሰለትም፤ ወደ እርሱ ያደርሱ የነበሩት መንኰራኵሮችም በ2003 ዓ.ም. ሥራቸውን አቁመዋል። አንድ ቀን ወርዶ በአየራችን ውስጥ መቃጠሉ አይቀርም።

መስመሩን ባነሣንበት ምሽት ብርሃኑ ከሰማይ እኩሌታ አልፎ ሳለ ቀስ በቀስ ደክሞ ጠፋ። ታናሹ ልጄ እጄን ይዞ «አባባ፥ ወደቀ እንዴ?» አለኝ።

«አልወደቀም፤ የምድር ጥላ ውስጥ ገባ» አልኩት።

በማግሥቱ ሰዓቱ ሳይደርስ ጋቢውን ደርቦ ደጅ ቆሞ አገኘሁት።