የዘመናዊ ሽጉጥ አሠራር መነሻው የቆየ ነው

የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ በ1982 የተቀበለው ግሎክ 17 ሽጉጥ የዘመናዊ ጦር መሣሪያ ምሳሌ ተደርጎ ቢጠቀስም፣ ዋና ዋና አሠራሮቹ ከእርሱ በፊት የተገኙ ናቸው። ፈጣሪው ጋስተን ግሎክ ቀደም ሲል የመጋረጃ ዘንግና ቢላዋ እንጂ ሽጉጥ ሠርተው አያውቁም ነበር።

ከሁሉም የላቀው ድርሻ የአሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ነው። ኃይለኛ ጥይት ሲተኮስ ሽጉጡ ያለጊዜው ከተከፈተ ተኳሹን ሊጎዳ ይችላል። ብራውኒንግ ይህን ለመከላከል አፈሙዙና የላይኛው ተንሸራታች ክፍል ተቆላልፈው በጥቂቱ ወደ ኋላ እንዲሄዱ አደረጉ። ጥይቱ ከወጣ በኋላ የአፈሙዙ የኋላ ጫፍ ዝቅ ሲል ሁለቱ ይላቀቃሉ። ለ1911ዱ የአሜሪካ ጦር ሽጉጥ የዋለው ይህ ዘዴ፣ መልኩ ተሻሽሎ በግሎክም ውስጥ ይገኛል።

ብራውኒንግ በ1926 በቤልጂየም ሊዬዥ ከተማ ሲያርፉ ሌላ ሽጉጥ ጀምረው ነበር። ሥራውን የፈጸሙት ዲዩዶኔ ሴቭ ሲሆኑ፣ በ1935 አገልግሎት ላይ የዋለው ይኸው ሽጉጥ ጥይት በሁለት ረድፍ በሚደረደርበት ካዝናው 13 ጥይት ይይዝ ነበር። የግሎክ 17 ካዝናም በዚሁ መንገድ 17 ይይዛል።

ብዙ ያነጋገረው የፕላስቲክ አካልም ቢሆን በጀርመኑ ሄክለር ኡንድ ኮኽ ኩባንያ ቪፒ70 ሽጉጥ ላይ በ1970 ታይቷል። ፕላስቲክ ሽጉጥ የአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻን ያልፋል የሚለው ስጋት ግን የተነሣው ግሎክ ከመጣ በኋላ ሲሆን፣ አሜሪካ በ1988 በብረት መፈተሻ የማይታይ መሣሪያን የሚከለክል ሕግ አውጥታለች። የግሎክ አፈሙዝና ተንሸራታች ክፍል ግን ብረት በመሆናቸው በመፈተሻው ይታያሉ።