ገጹ ለምን ይንቀራፈፋል?

በብሮውዘር የሚሠራ ሲስተም ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የሚወቀሰው ኢንተርኔቱ ነው፤ ወቀሳው ግን ብዙ ጊዜ ያለቦታው ነው። ኮዱ ከመነካቱ በፊት መዘግየቱ ከሰርቨሩ፣ ከኔትወርኩ ወይም ከራሱ ከብሮውዘሩ መምጣቱ መለየት አለበት።

በክሮምም ሆነ በፋየርፎክስ ኤፍ 12 ሲጫን የመመርመሪያ ሰሌዳ ይከፈታል። «ኔትወርክ» የሚለው ክፍል እያንዳንዱ ጥያቄ የወሰደውን ጊዜ ያሳያል። የመጀመሪያው ባይት እስኪደርስ ረጅም ጊዜ ከፈጀ ችግሩ በአብዛኛው ያለው በሰርቨሩ ወይም ከጀርባው ባለው ዳታቤዝ ነው፤ መልሱ መምጣት ከጀመረ በኋላ ከተጓተተ ደግሞ ፋይሉ ከብዷል ወይም ኔትወርኩ ደክሟል።

አስቸጋሪው ዳታው ቶሎ ደርሶም ገጹ ሲደነዝዝ ነው። የጃቫስክሪፕት ሥራ፣ የገጹ አቀማመጥ ስሌትና ለተጠቃሚው የሚሰጠው ምላሽ በአንድ ሰልፍ ተራ ይጠብቃሉ። ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ የሚፈጅ ሥራ ረጅም ይባላል፤ እሱ እስኪያልቅ በተኑ ቢጫን መልስ የለም። በአንዴ 10,000 ረድፍ የሚዘረጋ ሠንጠረዥ የተለመደ ጥፋተኛ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታዩትን ጥቂት ረድፎች ብቻ መሥራትና ቀሪውን ተጠቃሚው ሲወርድ መተካት በገጹ ላይ ነፍስ ይዘራበታል። በክሮም «ፐርፎርማንስ» የሚለው ክፍል ረጅሙን ሥራ በቀይ ምልክት ያሳያል። እዚያው ፕሮሰሰሩን በ4 ወይም በ6 እጥፍ አዘግይቶ መሞከር ይቻላል፤ በርካሽ ስልክ የሚሠራ ተጠቃሚ የሚያየው ይህንኑ ስለሆነ ሙከራው መዘለል የለበትም።