ስፔሊንግና ሥርወ ቃል በላስ ቬጋስ

እንግሊዝኛ የሚጻፈው በአንድ ደንብ አይደለም። ከጀርመንኛ ጋር የሚዛመዱት ጥንታዊ ቃላቱ የራሳቸው አጻጻፍ አላቸው፤ ከፈረንሳይኛ፣ ከግሪክኛና ከስፓኒሽ የገቡት ደግሞ የየአገራቸውን ልማድ እንደያዙ ቀርተዋል። ስለዚህ ከባድ ቃል የገጠመው ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ቃሉ ከየት እንደመጣ ነው።

ድብልቁ የቆየ ታሪክ አለው። በ1066 እ.ኤ.አ. ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆነ፤ ጸሐፊዎቹም የአገሬውን ቃላት ሳይቀር በለመዱት የፈረንሳይ አጻጻፍ ያሰፍሩ ጀመር። ዊልያም ካክስተን በ1476 የእንግሊዝን የመጀመሪያ ማተሚያ ካቋቋመ በኋላ አጻጻፉ ቀስ በቀስ እየረጋ ሄደ፤ አነባበቡ ግን በዚያው ዘመን መለወጡን አላቆመም። ፈረሰኛ ባላባት የሚባልበት «ናይት» ዛሬም በኬ የሚጀምረው ያኔ ኬው በእርግጥ ይነበብ ስለነበር ነው። ሊቃውንትም የየራሳቸውን ጨመሩ። ዕዳ ማለት የሆነው «ዴት» ከፈረንሳይኛ ሲገባ ቢ አልነበረውም፤ የላቲኑን «ዴቢቱም» እንዲያስታውስ ተብሎ ተሰነቀረበት። ደረሰኝ በሚባልበት «ሪሲት» ውስጥ ያለው የማይነበብ ፒም በዚሁ መንገድ የመጣ ነው።

ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። «ሠዓሊ» እና «ሰአሊ» ዛሬ ሲነገሩ ድምፃቸው አንድ ነው። ሥዕል የሚሥለው ግን በንጉሡ ሠ እና በዓይኑ ዐ ይጻፋል፤ በግእዝ «ለምኚ» ማለት የሆነው ደግሞ በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ። ድምፁ ቢጠፋም ፊደሉ የቃሉን ዘር ይዞ ቀርቷል። እንደ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያሉ የግእዝ ሊቃውንት ለፊደላቱ ልዩነት አጥብቀው የተሟገቱት በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን የተማረ ልጅ የእንግሊዝኛን የማይነበቡ ፊደላት እንደ በደል አይቆጥራቸውም።

ላስ ቬጋስ ለዚህ ትምህርት የተመቸ ከተማ ነው። ስሙ ራሱ በስፓኒሽ «መስኮቹ» ማለት ነው፤ በበረሃው መካከል ምንጭ ያለመለመው መስክ ስለነበረ የወጣ ስም ነው። ግዛቱ ኔቫዳም «በረዶ የለበሰች» ማለት ነው። በዙሪያው ያለው የሞሃቪ በረሃ ስም «ሀ» እየተባለ በጄ የሚጻፈው፣ የነባሩ ሕዝብ ስም በስፓኒሽ ልማድ ስለተጻፈ ነው።

በዚህ ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ምግብ ቤቶቻቸውና ሱቆቻቸው የተሰባሰቡበትን ሰፈር የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። ታክሲ የሚነዳ፣ በሆቴል የሚሠራ ወይም በካሲኖ ዲለር የሆነ ወላጅ በየቀኑ ከሚጠራቸው ቃላት ብዙዎቹ ከባድ የስፔሊንግ ቃላት ናቸው። «ካሲኖ» በጣሊያንኛ ትንሽ ቤት ነው። «ሩሌት» በፈረንሳይኛ ትንሽ መንኮራኩር ነው፤ ስለዚህ «ኡ» የሚለው ድምፅ በኦ እና በዩ ይጻፋል፣ መጨረሻውም ድርብ ቲ ይዞ በማይነበብ ኢ ይዘጋል። አማርኛ «ሾፌር» ብሎ የወሰደው ቃል በፈረንሳይኛ እሳት አንዳጅ ማለት ነበር፤ ቀደምት ተሽከርካሪዎች በእንፋሎት ይሠሩ ስለነበር ስሙ ለነጂው ተረፈ። «ሊሞዚን» ሊሙዜን ከተባለው የፈረንሳይ አውራጃ ስም የወጣ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የ«ክሩፒየር» ታሪክ ነው። መጀመሪያ ከፈረሰኛ ኋላ የሚፈናጠጥ ሰው ማለት ነበር፤ ከዚያ ከቁማርተኛ ጀርባ ቆሞ የሚያግዝ ረዳት፣ በመጨረሻም በጨዋታው ጠረጴዛ ገንዘብ የሚሰበስብና የሚከፍል የካሲኖ ሠራተኛ ሆነ።

ሥርወ ቃል ምን ያህል እንደሚጠቅም ሲ እና ኤች ሲጣመሩ ይታያል። በነባሩ የእንግሊዝ ቃል «ቸርች» ውስጥ ቸ ሆነው ይነበባሉ፤ ከፈረንሳይ በመጣው፣ በሆቴል ጣሪያ ላይ በሚንጠለጠለው «ሻንደሊር» ውስጥ ሸ፣ በግሪክኛው «ኮረስ» ውስጥ ከ። የቃሉን አገር የለየ ተማሪ ፊደሉን ያለ ጥርጥር ይመርጣል።

የተደረቡ ፊደላት ለአማርኛ ተናጋሪ ልዩ ፈተና ናቸው። አማርኛ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ በአፍ ይለያል፣ በጽሕፈት ግን አያሳይም፤ እንግሊዝኛ በተቃራኒው ፊደል ይደርባል፣ ድምፁ ግን አይጠብቅም። ማደሪያ የሚባልበት «አኮሞዴሽን» ድርብ ሲ እና ድርብ ኤም ያለው ቃል ነው፤ በየሆቴሉ የሚነገር ሲሆን በስህተት የሚጽፈውም ብዙ ነው። መነሻው ላቲን ነው፦ «አድ»፣ «ኮም» እና «ሞዱስ»። የ«አድ» ዲ ወደ ቀጣዩ ሲ ተለውጦ ሲውን ደረበው፤ የ«ኮም» መጨረሻና የ«ሞዱስ» መጀመሪያ ሲገናኙም ኤሙ ተደረበ። ይህን አንድ ጊዜ ያስተዋለ ሁለተኛ አይሳሳትም።

ትምህርቱ አገር አቀፍ ውድድርም አለው። ኖህ ዌብስተር በ1783 ያሳተመው የስፔሊንግ መጽሐፍ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሲስፋፋ የመንደር ውድድር እየተለመደ ሄደ። ስሙ «ስፔሊንግ ቢ» ነው፤ «ቢ» እዚህ ላይ የጎረቤት መሰባሰብ፣ ደቦ እንደማለት ነው። ብሔራዊው ውድድር በ1925 በ9 ተወዳዳሪዎች ተጀመረ፤ ፍራንክ ኒውሃውዘር «ግላዲዮለስ» የሚለውን የአበባ ስም ፊደላት በትክክል ዘርዝሮ አሸነፈ። ከ1941 ጀምሮ ስክሪፕስ የተባለው ድርጅት ያካሂደዋል፤ ከ8ኛ ክፍል ያለፈ ተማሪ አይወዳደርም። ተወዳዳሪው ፊደላቱን ከመዘርዘሩ በፊት የቃሉን ትርጉም፣ የንግግር ክፍልና ምንጭ ቋንቋ መጠየቅ፣ በዓረፍተ ነገር እንዲነገረውም መጠየቅ ይችላል። ቃላቱን ለረጅም ዓመታት ያነበቡት ዣክ ቤይሊ ራሳቸው የ1980 አሸናፊ ናቸው።

ዴቭ ሻህ በ2023 ያሸነፈበት «ሳሞፋይል» ጥያቄዎቹ ለምን እንደሚጠቅሙ ያሳያል። ትርጉሙ አሸዋማ ምድር የሚስማማው ፍጥረት ነው፤ በሞሃቪ የአሸዋ ክምር ላይ የሚኖሩ እንሽላሊቶች እንደዚህ ሊባሉ ይችላሉ። ጆሮ መጀመሪያ የሚሰማው ኤስን ብቻ ነው። ቃሉ ግሪክኛ መሆኑ ሲነገር ግን አሸዋ «ፕሳሞስ» መባሉ ይታወሳል፤ ቃሉ በፒ ይጀምራል፣ ኤሙም ይደረባል። ወዳጅ የሚለው «ፊሎስ» በፒ እና በኤች ይጻፋል። በመካከል ያለው ድክም ያለ አናባቢ ከአምስቱ የትኛው እንደሆነ ድምፁ አይለየውም፤ የግሪክኛ ጥምር ቃላትን አብዛኛውን ጊዜ የሚያያይዘው ኦ ስለሆነ ግን መልሱ ይገኛል።

ውድድሩ በየዓመቱ ለጥናት የሚያዘጋጀው ባለ 4,000 ቃላት ዝርዝር አለ። ቃላቱን በምንጭ ቋንቋቸው መድቦ በደብተር ማስፈር በፊደል ተራ ከመሸምደድ ይሻላል፤ አንድ የግሪክ ሥር ያወቀ ደርዘን ቃላት ይከፈቱለታል። የማይታዘዙት ከሰው ስም የወጡት ናቸው። ዛይላ አቫንጋርድ በ2021 የመጀመሪያዋ አፍሪካ አሜሪካዊት አሸናፊ የሆነችበት «ሙራያ» ሙሬይ ከተባለ የዕፅዋት ሊቅ ስም የወጣ ነው፤ እንዲህ ያለውን ቃል ከመሸምደድ በቀር ዘዴ የለም።

በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከአማርኛ የሄዱ ቃላትም አሉ፤ ጤፍ፣ ብርና ንጉሥ ከእነዚህ ናቸው። ጤፍ በእንግሊዝኛ ሁለት ኤፍ ይዟል። የሰሜን ተራሮቹን ጭላዳ ዝንጀሮ ግን ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 የሳይንስ ስም ሲያወጣለት በጂ ጀምሮ ጻፈው፤ የአውሮፓ ፊደል ለጭ ምልክት አልነበረውም። አማርኛ የሚናገር ልጅ ቤት የሰማውን ድምፅ ተከትሎ በሲ እና በኤች ሊጀምረው ይችላል፤ በውድድር መድረክ የሚቆጠርለት ግን የሩፔል ጂ ነው።